ሰበብ ቢሆን ኖሮ በጥቁር ፌስታል አይደበቅም ነበር፦ ስለ ካምፓስ ሴቶች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «የወር አበባ ሰበብ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ሁሉም ሰው ሼር ሲያደርገው ነበር። እኔ ጋር ብቻ ከሦስት ሰው ደርሶኛል፣ አንዷማ የአክስቴ ልጅ ናት፣ «እውነቱን ነው እኮ» ብላ ነው የላከችልኝ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን እኔ ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ከፈረንጅ አራዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከደንበኞቼ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፣ እና ጽሑፉ ከተሰራጨ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች መጥተው «ማስታገሻ መካን ያደርጋል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ዝም ማለት አላስቻለኝም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የወር አበባ ተፈጥሮ ነው ይላል፣ እናቶቻችን ቡና እየለቀሙ እንጨት እየተሸከሙ አሳልፈውታል፣ የዛሬ የካምፓስ ሴቶች ግን ከክላስና ከፈተና ማምለጫ አድርገውታል። እንቅልፍ የሚያሳጣቸው ፔሬድ ሳይሆን ስልክ ነው። ጭንቀትማ ወንዱም ጋር ሴቷም ጋር ያለ ነገር ነው፣ ለሴት ተለይቶ የሚቆጠርበት ምክንያት የለም። አስተያየት ይደረግላቸው ከተባለ ነገ የሚቀጥራቸው ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ደሞ ማስታገሻ ማህፀን ያበላሻል፣ መካን ያደርጋል፣ ዝንጅብል ጠጥቶ መቻል ነው የሚሻለው፣ ሲወልዱም ይለቃቸዋል ይላል። ይሄው ነው በአጭሩ። ጽሑፉ ስድብ የለበትም፣ እሱን አከብርለታለሁ፣ ለእህቶቹ ያሰበ ሰውም ይመስላል። ግን ህመሙን፣ እንቅልፉንና ጭንቀቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ሰበቦች ቆጥሮ አንድ በአንድ ሊያፈርሳቸው መሞከሩ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸበት። ሦስቱም አንድ ሰውነት ውስጥ ነው ያሉት፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚመጣው።

ከእናቶቻችን ልጀምር። ተፈጥሮ መሆኑን የካደ የለም። ምጥም ተፈጥሮ ነው፣ ምጥ የያዛትን ሴት ግን «ተፈጥሮ ነው፣ ተነሺና ስራሽን ስሪ» የሚላት አልሰማሁም። የኔ እናት ያደገችው አጋሮ አካባቢ ነው፣ ቡና ስትለቅም ነው ያደገችው። ልጅ ሆኜ በየወሩ አንድ ቀን መደብ ላይ ጥቅልል ብላ፣ ጨርቅ ምጣድ ላይ እያሞቀች ሆዷ ላይ ስታደርግ ትዝ ይለኛል። ምን ሆነሽ ነው ስንላት «ብርድ መታኝ» ትላለች። አባቴም ለጎረቤት «ብርድ መቷት ነው» ይላል፣ ጎረቤትም እግዜር ይማርሽ ብሎ ይሄዳል። ያ ብርድ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ብርድ እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው። እናቶቻችን ሳይታመሙ ቀርተው አይደለም፣ ስሙን ቀይረውት ነው፣ እኛም ስሙን ሰምተን ህመሙ አልነበረም አልን። ደሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ በ17 በ18 ዓመቷ አግብታ ስድስት ሰባት ልጅ የወለደችና እያንዳንዱን ሁለት ዓመት ያጠባች ሴት በነዛ ዓመታት ያየችው የወር አበባ ቁጥር ያላገባች ሴት በዛው ያህል ዓመት ከምታየው በጣም ያነሰ ነው፣ እርግዝናውና ማጥባቱ ብዙውን ወር ስለሚያስቀረው። ስለዚህ «እነሱ በየወሩ ችለውታል» የሚለው ሂሳቡ ራሱ ልክ አይደለም።

ህመሙ ራሱ ምንድነው ካልን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ነው። የማህፀን ግድግዳ ሊፈርስ ሲል በብዛት ያመነጨዋል፣ እሱ ማህፀንን እንደ ጡንቻ ያኮማትረዋል፣ ደም ስሮቹንም ያጠባቸዋል፣ ጡንቻው ኦክስጅን ሲያጥረው ያማል። ወደ ደም ሲገባ ደሞ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት ያመጣል፣ አንዳንዷ ታስመልሳለች። ኬሚካሉ የበዛባት ህመሟ ይበዛል፣ ያነሰባት ምንም ሳይሰማት ያልፋል፣ ሁለት እህትማማቾች እንኳን ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ይሄ ህመም የሚበረታው ደሞ በ20ዎቹ መጀመሪያና ከዛ በፊት ነው፣ ልክ የካምፓስ ዕድሜ። ጸሐፊው «የካምፓስ ሴቶች ለምን በዛባቸው» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ ዕድሜያቸው ነው።

አሁን ወደ ሰበቡ። ከጽሑፉ በጣም ያሳዘነኝ እዚህ ጋ ነው።

በቀደም ማታ 1 ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አንዲት ልጅ ገብታ ጥግ ላይ ቆመች። ሁለት ወንዶች መድሃኒት እየገዙ ነበር። የሳል ሽሮፑን መደርደሪያ እንደምታይ ሆና ጠበቀች፣ ሄዱ፣ ከዛ ሌላ ሰው ገባ፣ አሁንም ጠበቀች። ባዶ ሲሆን መጥታ በሹክሹክታ «ሞዴስ አለ? ማስታገሻም» አለችኝ። እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ጥቁር ፌስታል ስሰጣት ሁለቴ ቋጥራ ቦርሳዋ ስር፣ ከደብተሮቹ በታች ከተተችው። ክላስ ገብተሽ ነበር ወይ አልኳት፣ «የላብራቶሪ ክላስ ቀረሁ፣ ለቲቸሩ ታይፎይድ ነው አልኩት» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ ይህቺ ልጅ እውነተኛውን ምክንያት በውሸት ነው የቀየረችው። ሰበብ ማለት እኮ የሌለን ነገር አለ ብሎ ማቅረብ ነው። እነዚህ ልጆች ያለውን ነገር ደብቀው የሌለ ታይፎይድ፣ የሌለ ጨጓራ ያቀርባሉ። የወር አበባ ያን ያህል ምቹ ማምለጫ ቢሆን ሁለት ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ላይ የሚቆም ይኖር ነበር? እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደዛው ናቸው) በ2019 ሆላንድ ውስጥ 32,748 ሴቶችን ጠይቆ የታተመ ጥናት አለ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 45 የሆነ። በወር አበባ ምክንያት ከስራ ወይ ከትምህርት ከቀሩት ውስጥ ትክክለኛውን ምክንያት ለአለቃቸው ወይ ለትምህርት ቤታቸው የተናገሩት ከአምስት አንዷ ብቻ ናቸው። ሆላንድ ነው ይሄ! ሌላ ያገኙት ነገር ደሞ የሚገርም ነው፣ ትልቁ ጉዳት መቅረቱ ሳይሆን እየታመሙ መገኘቱ ነው፣ ቀርበው ግን ምንም ሳይሰሩ የሚያልፈው ሲደማመር በአማካይ በዓመት 9 ቀን ገደማ ይሆናል። ማለትም ሴቶቹ አይቀሩም፣ ይመጣሉ፣ ተቀምጠው ይታመማሉ።

እኔም ተቀምጬ ታምሜያለሁ። ሦስተኛ ዓመት፣ ጅማ ሳይሆን ሌላ ከተማ እያለሁ፣ ሚድ ኤግዛም ላይ ወረቀቱ ድርብ ሆኖ ታየኝ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ውጪ ወጥቼ አስመልሼ ተመለስኩ። ፈታኙን ሜክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቀን የሚሰጥ ምትክ ፈተና፣ ይሰጠኝ ብዬ ስጠይቀው «ይሄ በሽታ አይደለም» አለኝ። ባዶ ወረቀት አስረክቤ ወጣሁ። በዛው ሳምንት አንድ ልጅ ወባ ታሞ ሜክአፕ ተሰጥቶታል፣ ይገባዋልም። የምለው እሱ ለምን ተሰጠው አይደለም። ፈተና ላይ ሆነህ ካስመለስክ ያስመለሰህ ነገር ስሙ ምንም ይሁን ምን ፈተናውን አልተፈተንክም።

የሚዋሽ የለም ወይ? አለ፣ ይኖራል። በአያቱ ሞት የሚዋሽም አለ፣ አንዱ አያቱን ሦስቴ ቀብሯል ተብሎ ግን የሌላው ለቅሶ አይካድም።

እንቅልፍን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ስልክ እንቅልፍ ያበላሻል፣ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቲክቶክ ላይ አፍጥጦ ጠዋት እንቅልፍ አጣሁ ማለት አያስኬድም፣ እዚህ ላይ ተስማምተናል። ግን ስልኩ ወሩን ሙሉ እጇ ላይ ነው ያለው። እንቅልፏ የሚረበሸው ግን ፔሬዷ ሊመጣ አራት አምስት ቀን ሲቀረውና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከሆነ ይሄንን ስልክ ብቻውን አያስረዳውም። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የሰውነትን ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ያደርገዋል። ትንሽ ትመስላለች፣ ነገር ግን ሰውነት እንቅልፍ ሊወስደው ሲል መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ከዛ ህመሙ ይጨመራል። ከዛ ደሞ ዶርሙ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይ የምትተኛ ልጅ አንሶላ ይነካል ብላ ሌሊቱን ሳትገላበጥ ታድራለች፣ ሞዴስ ለመቀየር በጨለማ ወርዳ ሽንት ቤት ስትሄድ ውሃ የለም፣ ተመልሳ እስክትተኛ አንድ ሰዓት ሄደ። ይሄንን ወንዶቹ ስለማያዩት አልፈርድባቸውም፣ ግን የለም ማለትና አላየሁም ማለት ይለያያል።

እና የእንቅልፍ ማጣት ዋናው ጉዳት ጠዋት ማዛጋቱ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ህመም የመቻል አቅሙ ይቀንሳል፣ ይሄ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። ትናንት ብትተኛ ኖሮ የምትችለውን ቁርጠት ዛሬ አትችለውም። ህመሙ እንቅልፉን ነሳት፣ እንቅልፉ ህመሙን አባሰው። ጸሐፊው «ስልክሽን አጥፊ» ሲል የዚህን ክብ አንድ ጫፍ ብቻ ነው የያዘው።

እዚህ ጋ የኛ የጅማዎች ጉዳይ አለ፣ ጸሐፊው ያልነካው። ቡና። ቡና ባለበት አገር ቡና ተዉ አልልም፣ እኔም አልተውኩም። ግን በ2013 በፈረንጆቹ የወጣ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳን ቢወሰድ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደጋግማችሁ የጠጣችሁት ከምሽቱ 4 ሰዓት ስትተኙ አብሯችሁ አለ ማለት ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ላይ ደሞ ካፌኑ ከሰውነት ለመውጣት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጃል። ለፋይናል ሌሊቱን ሲቸክሉ ለማደር ጫት የሚቅሙም አሉ፣ ጫት እንቅልፍም ይከለክላል የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል፣ ከዛ በባዶ ሆድ ማስታገሻ፣ ከዛ ጨጓራ። በየፈተናው ሰሞን ፋርማሲያችን የሚሞላው በዚህ ነው።

ጭንቀት የሁሉም ነው የሚለውን በደንብ እቀበላለሁ። ወንዱም በውጤት እንዳይባረር (ዲስሚሳል) ይጨነቃል፣ ወንዱም የቤተሰብ ችግር አለበት፣ የዘንድሮ ወጣት ከቤቱ ሲርቅ የሚሸከመው ብዙ ነው። ጥያቄው ግን ጭንቀቱ ማን ጋር አለ አይደለም፣ ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል ነው። ቻይና ውስጥ 388 ሴቶችን በየወሩ እየተከታተለ በ2004 የወጣ ጥናት፣ ባለፈው ወር ከባድ ጭንቀት ያሳለፉት ሴቶች በሚቀጥለው ፔሬድ ህመም የመያዝ ዕድላቸው ጭንቀታቸው ዝቅተኛ ከሆነው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የሚድ ጭንቀት ሚዱ ሲያልቅ አያልቅም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቁርጠት መልክ ይመጣል፣ ያኔ ደሞ ኩዊዝ አለ። አንዳንዷ ጋር ደሞ ጭራሽ ፔሬዱን ያስቀረዋል። ከባድ ጭንቀት አንጎል ለእንቁላል እጢዎች የሚልከውን ምልክት ስለሚያደክመው እንቁላል መውጣቱ ይዘገያል፣ ፔሬዱም አብሮ ይዘገያል። የፍሬሽ ተማሪዎች ዘገየብኝ ብለው ይመጣሉ፣ ከወንድ ጋር ተነካክተው የማያውቁ ልጆች ጭምር በፍርሃት ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ ያ ፍርሃት ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው። ጸሐፊው በመሃል ጣል ያደረጋት «ፀባያቸው ይቀያየራል» የምትል ነገር አለች። አዎ ይቀያየራል። አብዛኛዋ ላይ ቀላል ነው፣ ጥቂቶች ላይ ግን ከፔሬድ በፊት ባሉት ቀናት የሚመጣው ድብርት ከባድ ከመሆኑ የተነሳ በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሳይካትሪ ማህበር የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ ህመም ብሎ መዝግቦታል፣ ህክምናም አለው። ያቺን ልጅ «ፀባይሽ ነው» ብሎ መሸኘት ያሳዝናል።

የሚቀጥራቸው ይጠፋል የሚለውን ብዙ አልቆይበትም። ጃፓን ከ1947 ጀምሮ የወር አበባ ፈቃድ በህግ አላት፣ እዚሁ አፍሪካ ዛምቢያ በወር አንድ ቀን ትሰጣለች፣ ስፔን በ2023 አጽድቃለች፣ እነዚህ አገሮች ውስጥ ሴት መቀጠር አላቆመችም። ፈቃዱ ግን ብቻውን መፍትሄ ነው ብዬ አልከራከርም፣ ጃፓን ውስጥ የሚጠቀሙበት በጣም ጥቂቶች ናቸው፣ አሁንም ሀፍረቱ ስላለ፣ የአሰሪ አድልዎ ስጋቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ደሞ ካምፓስ ላይ ነጥብ ይጨመርልን ያለች ተማሪ አላየሁም። ለታይፎይድ ያለው ሜክአፕ ለዚህም ይሁን ነው የሚሉት።

መድሃኒቱ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ሀሳብ አይደለም የሚለያየን፣ የተጻፈው ስህተት ስለሆነ ሰው ይጎዳል።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚሰሩት ያንን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ማደንዘዣ አይደሉም፣ ምንጩን ነው የሚዘጉት። ለዚህም ነው ሰዓቱ ወሳኝ የሚሆነው፣ «እስኪብስብኝ ልቻለው» ብላ ስትንከባለል ቆይታ የዋጠችው ብዙም አይሰራላትም፣ ኬሚካሉ አንዴ ተመርቷል። ገና ጀመረ ስትል ነው መዋጥ ያለባት፣ እህል ቀምሳ፣ ቢያንስ ዳቦ በሻይ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከሆነ በ8 ሰዓት ልዩነት አንድ፣ በቀን ከሦስት አይበልጥም፣ ሁለት ሦስት ቀን፣ በቃ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይ አስም ያለባት፣ እርግዝና የምትጠረጥርም ሳትጠይቅ አትውሰድ። ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል።

መካን ያደርጋል የሚለው ከየት መጣ? አንድ ጭላንጭል አለው፣ እሱን አልደብቅም፣ እነዚህን መድሃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጡ የሚወስዱ ሴቶች ላይ እንቁላል መውጣቱን ሊያዘገይ ይችላል፣ ሲቆም ይመለሳል። በፔሬድ የመጀመሪያ ቀናት የሚወሰድ ግን እንቁላል ከሚወጣበት ቀን ሳምንትና ከዛ በላይ ይርቃል። በወር ሁለት ሦስት ቀን አይቡፕሮፌን ወስዳ መካን የሆነች ሴት አላውቅም፣ እንደዛ የሚል ማስረጃም የለም። ዝንጅብሉን አልቃወምም፣ የተወሰኑ አነስ ያሉ ጥናቶች ይረዳል ብለዋል፣ ይጠጣ። ሙቀትም እንደዛው፣ በ2001 የወጣ ጥናት ሆድ ላይ ለሰዓታት የተደረገ ለዘብ ያለ ሙቀት ከአይቡፕሮፌን ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው አሳይቷል፣ የእናቴ የምጣድ ጨርቅ ልክ ነበር ማለት ነው። ዶርም ምጣድ የላትም፣ ግን ደንበኞቼ ያስተማሩኝ ዘዴ አለ፣ ጀበና ቡና ከምትሸጠው እናት ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ያስሞላሉ፣ የፈላ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል ቆዳም ያቃጥላል፣ ሞቅ ያለ፣ በፎጣ ጠቅልለው ሆዳቸው ላይ። እስከ ዛሬ ውሃ ከልክላቸው የምታውቅ ቡና ሻጭ የለችም።

ሲወልዱ ይለቃቸዋል የሚለውም ብዙዎች ላይ እውነት ነው፣ በዕድሜም ይቀንሳል። ግን የ20 ዓመት ልጅን ውለጂና ይለቅሻል ማለት ምን አይነት ምክር ነው? ከዛ የከፋው ደሞ «መቻል» የሚለው ነው። ምክንያቱም ህመሙ ሁሉ አንድ አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል አለ፣ የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጪ የሚበቅልበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ፣ 190 ሚሊዮን ሴቶች አሉበት ይላል። ይሄ ነው እንግዲህ በእርግጥ መካንነት ሊያመጣ የሚችለው። ታማሚዎቹ ደሞ ምርመራ እስኪያገኙ ዓመታት የሚፈጅባቸው አንዱ ምክንያት «ተፈጥሮ ነው ቻዪው» ስለሚባሉ ነው። ህመሙ በየወሩ እየባሰ ከሄደ፣ ፔሬድ በሌለበትም የሚያም ከሆነ፣ ማስታገሻ በሰዓቱ ወስዳ ካልሰራላት፣ ሞዴስ በየሰዓቱ እየሞላ የምትቀይር ከሆነ፣ ወይ ሦስት ወር ከቀረባት ሐኪም ጋር ትሂድ። ደም የሚበዛባት የደም ማነስ ምርመራም ትጠይቅ፣ ሁሌ ድካም ድካም የሚላት በዛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጸሐፊው ለእህቶቹ መካን መሆን ከልቡ ከሰጋ የጻፈው ምክር ወደዛው ነው የሚገፋቸው። ሌላውን ሁሉ፣ ስልኩንም ፈቃዱንም የእናቶቻችንንም ነገር፣ እንከራከርበት፣ እኔ ዝግጁ ነኝ። «ማስታገሻ መካን ያደርጋል» የምትለዋን መስመር ግን ዛሬውኑ ከጽሑፉ ያውጣት፣ ያየው ሰው ብዙ ስለሆነ ማውጣቱንም ይጻፍ። እነዛ ሁለቱ ልጆች መድሃኒቱን ሳይወስዱ ነው የሄዱት፣ አንዷ ማክሰኞ ፋይናል ነበራት።